የፍሬ ኮምጣጤ የአንጀት ነቀርሳን ይገድላልን? ስለ መድኃኒት አመራመር የተጻፈ ትምህርት

በየመንደሩ ለሚያስተምሩ አስተማሪዎችና መጽሐፍ ለሚያነቡ የአገር ሽማግሌዎች ይህን ትምህርት ስናቀርብ ምክንያታችን ከሕዝቡ አፍ የሚሰማ አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም ከወይን፣ ከሮማን ወይም ፈረንጆች አፕል ከሚሉት ከፖም የተሠራ ኮምጣጤ የአንጀት ነቀርሳን ያድናል የሚባለው እውነት ነውን የሚል ነው። ወሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም። በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ሊቃውንት ኮምጣጤንና ከኮምጣጤ የተነጠለ ነገርን በነቀርሳ ሕዋሳት ላይ ጨምረው ሕዋሳቱ ሲደክሙና ሲሞቱ አይተዋል፤ ያዩትንም ጽፈዋል። ነገር ግን ሊቃውንቱ የጻፉት አንድ ነገር ሲሆን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የሚሰማው ሌላ ነገር ሆኗል። በመንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፊደል የቈጠረው ሰው ስለ ሆነ፤ መልሱን ከነምክንያቱ ማወቅ ይገባዋል፤ በዚህ ነገር የተሳሳተ መልስ የሰው ሕይወት ያስከፍላልና። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ኮምጣጤ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አንዳንዱ ሆምጣጤ ይለዋል፤ በከተማ ወጥ ቤት ደግሞ ከጣሊያኖች በተወረሰ ስም አቼቶ ይባላል። ጠላ ወይም ጠጅ አፉ ተከፍቶ ብዙ ቀን የቈየ እንደ ሆነ መኮምጠጡን የማታውቅ የቤት እመቤት የለችም። የፍሬ ኮምጣጤም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። በመጀመሪያ እርሾ የሚባለው ረቂቅ ፍጥረት የፍሬውን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ይህ ሥራ አየር ሳያገኝ ይፈጸማል። ቀጥሎም አሴቶባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች አልኮሉን በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋራ አዋሕደው አሴቲክ አሲድ ያደርጉታል፤ ይህኛው ያለ አየር ከቶ አይሆንም። አፉ በደንብ የተደፈነ ጠጅ ሳይኮመጥጥ የሚቈየው ስለዚህ ነው። ይህን ነገር ጠንቅቆ የመረመረው ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ሲሆን በ1868 ስለ ኮምጣጤ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። በዘመኑ የነበሩ ታላላቅ ኬሚስቶች መኮምጠጥ ሕይወት ያለው ፍጥረት የማይገባበት ሥራ ነው ይሉ ነበር፤ ፓስተር ግን በኮምጣጤው ላይ የሚሰፍረው ስስ ሽፋን ሕያው መሆኑን፤ ሥራውንም የሚሠራው እርሱ መሆኑን አሳየ።

ለምግብ የሚሸጠው ኮምጣጤ ከመቶው 4 ወይም 5 እጅ አሴቲክ አሲድ ነው፤ የቀረው ሁሉ ማለት ይቻላል ውሃ ነው። ከዚህ ሌላ ከፍሬው ልጣጭና ሥጋ የመጡ፤ ቀለምና የአፍ መያዝ የሚሰጡ፤ ፖሊፌኖል የተባሉ ነገሮች በጥቂቱ ይገኙበታል። የፍሬ ኮምጣጤን የሚመረምሩ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚያደርጉት በዚህ በጥቂቱ ነገር ነው።

ስለ በሽታውም ባጭሩ እንናገር። ሰውነታችን ሕዋስ በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ገጽ የሚያለብሱት ሕዋሳት በየጥቂት ቀኑ እየረገፉ በአዲስ ይተካሉ። ይህ መተካት ሥርዓቱን ሲያፈርስ፤ ሕዋሱ መብዛቱን ማቆም ሲሳነው፤ በመጀመሪያ ፖሊፕ የምትባል ትንሽ ዕጢ ትበቅላለች። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ብዙ ዓመት ቈይተው ወደ ነቀርሳ ይለወጣሉ። በ2022 በዓለም ላይ ከ1.9 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ ነቀርሳ እንደ ተያዙ፤ 900,000 ያህል ሰዎችም እንደ ሞቱበት ተገምቷል።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንግባ። ሊቃውንቱ በመጀመሪያ የሚመረምሩት በሰው ላይ ሳይሆን ከሰው ተወስደው በሰሐን ውስጥ በሚኖሩ ሕዋሳት ላይ ነው። ከእነዚህም መካከል ኤችቲ 29 የሚባለው ዘር በ1964 ከአንዲት የ44 ዓመት ሴት የአንጀት ነቀርሳ የተወሰደ ነው፤ ካኮ 2 የሚባለው ደግሞ ከአንድ የ72 ዓመት ሽማግሌ የተገኘ ነው። ሕዋሳቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እየተባዙ፤ እየተከፈሉም ከአገር ወደ አገር እየተላኩ እስከ ዛሬ ድረስ ይኖራሉ። የሚቀመጡበት ሣጥን ሙቀቱ እንደ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ነው፤ ስኳር፣ ጨውና ሌላም ምግብ ያለበት ፈሳሽ ይሰጣቸዋል። ልጅን በሞግዚት እንደ ማሳደግ ያለ ድካም የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ አንዲት ሻጋታ ብትገባ የወራት ልፋት ይጠፋል።

የሙከራው ሰሐን ብዙውን ጊዜ 96 ትናንሽ ጕድጓዶች አሉት። በየጕድጓዱ እኩል ቍጥር ያላቸው ሕዋሳት ይዘራሉ፤ ከዚያም በአንዱ ምንም ሳይጨመር፤ በሌላው ጥቂት፤ በቀጣዩ ጥቂት ከፍ ያለ ኮምጣጤ እየተጨመረ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቈያል። የሞቱትን ከኖሩት ለመለየት ብዙዎች የሚጠቀሙት ቲም ሞስማን የተባለ ሊቅ በ1983 በገለጠው መንገድ ነው። ኤምቲቲ የሚባል ብጫ ቀለም ይጨመራል፤ ሕያው ሕዋስ ያገኘው እንደ ሆነ ቀለሙን ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል፤ የሞተ ሕዋስ ግን ሊለውጠው አይችልም። በመጨረሻ በየጕድጓዱ ብርሃን አሳልፈው የሐምራዊውን ብዛት ይለካሉ። ከዚህም ልኬት ኮምጣጤው በምን ያህል መጠን ሲጨመር የሕዋሳቱ ሥራ በግማሽ እንደሚቀንስ ያሰላሉ፤ በመጽሔት የሚታተመው ቍጥር ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ኮምጣጤ ተጨመረ፤ ነቀርሳው ሞተ። ነገር ግን ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ፒኤች የሚሉት፤ ሕዋሳቱ በሚኖሩበት ፈሳሽ ውስጥ 7.4 ያህል ነው፤ የደማችንም እንዲሁ ነው። በዚህ መለኪያ ቍጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል፤ በአንድ ቍጥር ባነሰ ቍጥርም ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ፒኤቹ 2.4 የሆነ ኮምጣጤ ከደም 100,000 እጥፍ የኮመጠጠ ነው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ፈሳሽ ውስጥ የሰው ሕዋስ ይሞታል፤ ነቀርሳ ሆነ ጤነኛ፤ አንጀት ሆነ ቆዳ ልዩነት የለውም። በኮምጣጤው ፋንታ ሎሚ ቢጨመቅበትም ያው ነው። በሰሐን ውስጥ ነቀርሳን መግደል ቀላል ነገር ነው፤ በረኪናም ይገድለዋል።

ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ ሦስት ማነጻጸሪያ ያዘጋጃል። አንደኛው ኮምጣጣነቱ በሶዳ ወይም በመሰል ነገር የበረደ ኮምጣጤ ነው፤ ይህኛውም ነቀርሳውን የጐዳ እንደ ሆነ፤ ከመኮምጠጥ ሌላ የሚሠራ ነገር በውስጡ አለ ማለት ነው። ሁለተኛው ፍሬ ያልነካው፤ በውሃ የተበረዘ ንጹሕ አሴቲክ አሲድ ነው፤ መጠኑም በኮምጣጤው ውስጥ ካለው ጋራ እኩል መሆን አለበት። ሁለቱ እኩል ከገደሉ ሮማኑና ወይኑ ምንም አልጨመሩም ማለት ነው። ሦስተኛው ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ሕዋስ ነው። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ሦስተኛው ነው፤ የመድኃኒትና የመርዝ ልዩነት የሚታወቀው በእርሱ ነውና። ስለ ኮምጣጤ የተጻፈ ምርመራ በእጁ የገባ አስተማሪ ውጤቱን ከማንበቡ በፊት እነዚህ ሦስቱ መኖራቸውን ይፈልግ፤ ከጐደሉ ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር የሚነግረን ጥቂት ነው።

በመልካም መንገድ ከተመረመሩት መካከል አንዳንዶቹን እንጥቀስ። ጃፓኖች ኩሮዙ የሚሉት ጥቍር ኮምጣጤ አላቸው። ይህ ከፍሬ ሳይሆን ካልተፈተገ ሩዝ የሚሠራ ነው፤ በካጎሺማ አውራጃ በሸክላ ጋን ተሞልቶ ከቤት ውጭ በፀሐይ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ይቀመጣል። በ2004 የወጣ አንድ ምርመራ ኮምጣጤውን እንዳለ ሳይሆን በሌላ ፈሳሽ ከውስጡ ነጥለው ያወጡትን ክፍል በአንጀት፣ በሳንባ፣ በጡትና በሌሎችም የነቀርሳ ሕዋሳት ላይ ፈትኖ መብዛታቸውን እንደሚገታ፤ ይልቁንም በካኮ 2 ላይ እንደሚበረታ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ይህንኑ ክፍል የአንጀት ነቀርሳ የሚያመጣ ኬሚካል ለተሰጣቸው አይጦች ሲያጠጡአቸው ነቀርሳው አነስ ብሎ ተገኝቷል። በ2007 ደግሞ ጃፓናውያን መርማሪዎች ከፖም ኮምጣጤ ውስጥ፤ በመፍላቱ ጊዜ የሚፈጠር የስኳር ሰንሰለት አግኝተው በአይጦች ዕጢ ላይ ኀይል እንዳለው ጻፉ። በፖርቱጋል አገር በሚንሆ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ሊቃውንትም በ2013 አሴቲክ አሲድ የአንጀት ነቀርሳ ሕዋሳት ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያጠፉ የሚያደርግበትን መንገድ ገልጠዋል። እነዚህ ሁሉ የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ከእነዚህ አንዱም ኮምጣጤ የጠጣ ሰው ከአንጀት ነቀርሳ ዳነ አይልም።

ከሰሐኑ እስከ ሰው ሆድ ያለው መንገድ ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ ተማሪዎች በሒሳብ ሊያዩት ይችላሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 5 ከመቶ አሲድ ባለው ኮምጣጤ ብንሞላው በውስጡ 0.75 ግራም አሴቲክ አሲድ አለ። በሰሐኑ ውስጥ ከ100 እጅ ፈሳሽ 1 እጅ ኮምጣጤ ቢጨመር፤ በሊትር 0.5 ግራም አሲድ ይሆናል። በአንድ ጐልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ 40 ሊትር ያህል ነው ብንል፤ ይህን ሁሉ ወደዚያ መጠን ለማድረስ 20 ግራም አሲድ፤ ማለት ከ26 ማንኪያ በላይ ብርቱ ኮምጣጤ በአንድ ጊዜ መጠጣት ያስፈልጋል። ያም ቢሆን አይቈይም፤ ሰውነታችን አሴቲክ አሲድን እንደ ማንኛውም ምግብ ወዲያው አቃጥሎ ኀይል ያደርገዋልና። የተጠጣውም ኮምጣጤ አብዛኛው ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ስለሚገባ ነቀርሳው ወዳለበት ወደ ትልቁ አንጀት እንዳለ አይደርስም።

ከዚህም ጋራ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ድንቅ ነገር አለ። ትልቁ አንጀታችን ራሱ የኮምጣጤ ጋን ነው። በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እኛ ልንፈጨው ያልቻልነውን የእህልና የአትክልት ገለባ፤ ቃጫ የሚሉትን፤ አብላልተው በየቀኑ ከአንድ ማንኪያ ኮምጣጤ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ አሴቲክ አሲድ ይሠራሉ። ከእርሱም ጋራ ቡቲሪክ አሲድ የሚባለውን ይሠራሉ፤ ይህም ለአንጀቱ ጤነኛ ሕዋሳት ዋና ምግብ ሲሆን በሰሐን ውስጥ ግን የነቀርሳ ሕዋሳትን ይገታል። በኡጋንዳ ብዙ ዘመን ያከመው ዴኒስ በርኪት የተባለ ሐኪም በአፍሪካ ገጠር የአንጀት ነቀርሳ ጥቂት የሆነው ሕዝቡ ቃጫ የበዛበት ምግብ ስለሚበላ ነው ብሎ በ1971 ጽፏል። በ2015 የታተመ ሌላ ምርመራም አለ። በአሜሪካ የሚኖሩ 20 ጥቍር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ የገጠር ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን ተለዋወጡ፤ የገጠሩን ምግብ በበሉት ዘንድ ቡቲሪክ አሲዱ በዛ፤ የአንጀታቸውም ገጽ የመቈጣቱ ምልክት ቀነሰ። የአሜሪካኑን ምግብ በበሉት ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ከነገለባው የተፈጨ እህል፣ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ምስርና ጐመን የሚበላ ሰው ኮምጣጤውን በሚያስፈልግበት ስፍራ ውስጥ ያሠራል። ይህ ግን በሽታው ሳይመጣ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ የበቀለውን ነቀርሳ የሚነቅል አይደለም።

ከዕፅዋት መድኃኒት አይገኝም ማለታችን እንዳይመስላችሁ። ለአንጀት ነቀርሳ ዛሬ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ፤ ኢሪኖቴካን የሚባለው፤ ከዛፍ የመጣ ነው። ቻይናዎች የደስታ ዛፍ የሚሉት ዛፍ አለ። ሞንሮ ዎልና መንሱክ ዋኒ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአሜሪካ አገር ከዚህ ዛፍ ካምፕቶቴሲን የተባለውን ነገር ነጥለው ማውጣታቸውን በ1966 አስታወቁ። በሰሐንና በአይጥ ላይ እጅግ አስደናቂ ሆኖ ተገኘ። ወደ ሰው ሲሻገር ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሞከረባቸውን በሽተኞች ፊኛና አንጀት ክፉኛ ስለ ጐዳ ሙከራው ቆመ። በ1985 ነገሩ ነቀርሳውን የሚገድለው በምን መንገድ እንደ ሆነ ታወቀ፤ ይኸውም ሕዋሱ ሲባዛ የዘር ክሩን የሚፈታውን መሣሪያ ያሰናክልበታል። ጃፓኖችም፤ ያኩልት የተባለውን የረጋ ወተት የሚሠራው ኩባንያ ሰዎች፤ የነገሩን አሠራር ለውጠው ሰውነት የሚችለው አደረጉት። በጃፓን በ1994፤ በአሜሪካ በ1996 ሐኪሞች እንዲሰጡት ተፈቀደ። ከዛፉ እስከ በሽተኛው 30 ዓመት ፈጀ። የዚህን ዛፍ ቅጠል ቀቅሎ የጠጣ ሰው መርዝ ጠጣ እንጂ መድኃኒት አልጠጣም። የፍሬ ኮምጣጤ ምርመራ ዛሬ ያለው በዚህ መንገድ መጀመሪያ ላይ ነው።

ኮምጣጤን አብዝቶ መጠጣትም ጕዳት አለው። የጥርስን ገጽ ይበላል፤ ጕሮሮን ያቃጥላል። በ1998 የኦስትሪያ ሐኪሞች የጻፉላት አንዲት የ28 ዓመት ሴት ለ6 ዓመት በየቀኑ ሩብ ሊትር ያህል የፖም ኮምጣጤ ስትጠጣ ቈይታ፤ በደሟ ውስጥ ያለው ፖታስየም አንሶ፤ አጥንቷም ሳስቶ ተገኝቷል። በሰላጣ ላይ የሚፈስሰው ግን የሚያስፈራ አይደለም።

አንድ ነገር በጎን እንጨምር። ነቀርሳን በመከላከል ሥራ ኮምጣጤ በእውነት የሚያገለግልበት ቦታ አለ፤ ይኸውም በሴቶች የማኅፀን በር ምርመራ ነው። የሠለጠነች ነርስ ከ3 እስከ 5 ከመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በማኅፀን በር ላይ ስትቀባ ወደ ነቀርሳ የሚያመራው ስፍራ ነጭ ሆኖ ይታያል። በሙምባይ ከተማ 150,000 ያህል ሴቶች የተካፈሉበት ምርመራ በዚህ መንገድ ከማኅፀን በር ነቀርሳ የሚመጣው ሞት 31 ከመቶ እንደ ቀነሰ በ2013 አስታውቋል። በአገራችንም ይህ ምርመራ በጤና ጣቢያዎች ይሠራበታል። እዚህ ኮምጣጤው በሽታውን ያሳያል እንጂ አያድንም፤ የሚያድነው ቀጥሎ የሚደረገው ሕክምና ነው።

አሁን ወደ መንደሩ ጥያቄ እንመለስ። አንድ ሽማግሌ ወደ አስተማሪው መጥተው፤ ልጄ፤ ከሰገራዬ ጋራ ደም አያለሁ፤ የፖም ኮምጣጤ ጠጣ ብለውኛል፤ ምን ትለኛለህ ያሉት እንደ ሆነ ምን ይመልስ? እንዲህ ይበል። አባቴ፤ ኮምጣጤው በሰሐን ውስጥ እንጂ በሰው ሆድ ውስጥ ነቀርሳ መግደሉ አልታየም፤ ደሙን ግን በዚህ ሳምንት ለሐኪም ይንገሩ። የሚፈስሰው ደም ኪንታሮት ወይም አሜባ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው፤ ነገር ግን በዐይን አይቶ የሚለየው ሰው የለም። ከደሙ ሌላ የሆድ ጠባይ ለሳምንታት መለወጡ፤ ሳይጾሙ መክሳት፤ ደም ማነስና ድካም የሚያስጠረጥሩ ምልክቶች ናቸው። ሐኪሙ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አግብቶ አንጀቱን ያያል፤ ፖሊፕ ቢያገኝ በዚያው ይቈርጠዋል። ከአንጀቱ ግድግዳ ሳያልፍ የተገኘ ነቀርሳ በቀዶ ሕክምና ብቻ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ወደ ጕበት ከተሻገረ በኋላ ግን ማዳኑ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ኮምጣጤ እየጠጡ የሚያልፈው ወር ከዚህ ጊዜ ላይ የሚቀነስ ነው።

ለተማሪዎች የሚሰጥ ሙከራ። አራት ሳህኖች አቅርቡ፤ በየአንዳንዱ እርጥብ ጥጥ አንጥፉ፤ በእያንዳንዱም 10 የስንዴና 10 የእንክርዳድ ፍሬ ዝሩበት። የመጀመሪያውን በውሃ፤ ሁለተኛውን ባልተበረዘ ኮምጣጤ፤ ሦስተኛውን በሎሚ ጭማቂ አርጥቡ። ለአራተኛው አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ በአንድ ሊትር ውሃ በርዙለት። የኮምጣጤው ሽታ ሌላውን እንዳይነካ ሳህኖቹን አራርቁአቸው፤ ሲደርቁም እየራሱ በሙሉ ሳምንት ይቈዩ። ተማሪዎች በየቀኑ የበቀለውን ስንዴና የበቀለውን እንክርዳድ ለየብቻ ቈጥረው በሰሌዳ ይጻፉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳህን እንክርዳዱ አይበቅልም፤ ስንዴውም አይበቅልም፤ ልጆቹ እንክርዳዱን ያጠፋው ምን እንደ ሆነና ይህን ኮምጣጤ በእርሻው ላይ የሚያፈስስ ገበሬ ምን እንደሚያጭድ ይናገሩ። በአራተኛው ሳህን የሚሆነውን እኛ አስቀድመን አንነግራችሁም፤ ቈጥራችሁ ድረሱበት። ሙከራው ሲያልቅ እንክርዳዱ ወደ ማሳ እንዳይገባ በእሳት ይቃጠል።